የሁለት ዶቃ ቦታ፦ የኢንሱሊን ሞዴል የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ሐዋሳ

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

ሥራው ከአንድ ጥያቄ ተነሣ። የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሐዋሳ እኔ ዘንድ ሆኖ ይማራል። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ከያዘው አራት ዓመት አልፎታል። ቆሽቱ ኢንሱሊን ስለማያመነጭ ጠዋትና ማታ በመርፌ ይወስዳል፤ ጥርት ያለውን ከደመናማው ጋር ቀላቅሎ ይወጋና ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ይበላል። የመስቀል ዕለት ማታ ዘመድ ቤት ተጠርተን ሄድን። «ማዕዱ ሊቀርብ ነው» ሲባል ልጁ ጓዳ ገብቶ ተወጋ። ከዚያ የዘገዩት እንግዶች እስኪቀመጡ፣ ሽማግሌው መርቀው እስኪጨርሱ፣ ክትፎው እስኪሰናዳ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ምግብ ሳይገባ በደሙ ያለው ስኳር ወረደ። ልጁን ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ስጠይቀው የማይገናኝ መልስ ሰጠኝ። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣሁትና ቀስ በቀስ ተመለሰ። የቤቱ ሰዎች ከእኔ በላይ ደንግጠው ነበር። ማንንም አልተቀየምኩም፤ ማንም አላወቀም።

ዛሬ ጠዋት ከመርፌው በኋላ ቁርሱ ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ፣ «እትዬ፣ መድኃኒቱ ከቆዳዬ ሥር ገብቷል። ታዲያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እዚያ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

ኬሚስትሪ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መልሱን አውቀዋለሁና «የኢንሱሊኑ ሞለኪውሎች ስድስት ስድስት ሆነው ተቃቅፈው ነው የሚገቡት፤ እስኪላቀቁ ነው የምትጠብቀው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያ ነቀነቃ ከክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ሳይገባቸው መምህሩን ላለማሳፈር የሚነቀንቁት ነው። ስለዚህ ልንሠራው ወሰንን፤ በእጅ የሚያዝ፣ የሚፈታና የሚገጠም ኢንሱሊን። ቀነ ገደባችን ኅዳር 5 ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ማለት ነው፤ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን። ዕለቱ የተመረጠው በ1891 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተወለደው ፍሬድሪክ ባንቲንግ የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ቶሮንቶ ውስጥ በ1921 አገኙ። በ1922 ጥር ወር መጀመሪያ የተወጋው ልጅ ሊዮናርድ ቶምሰን ይባላል፤ እርሱም አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ይህን ስነግረው የእኛው ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ሐሙስ፣ መስከረም 30

ከትምህርት በኋላ በባጃጅ ወደ ገበያ። በዚህ ሥራ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አንድ የፕሮቲን ጡብ፣ አንድ ዶቃ ነው፤ ፔፕታይድ ደግሞ የዶቃው ድሪ። ኢንሱሊን ሁለት ድሪ አለው፤ አጭሩ 21፣ ረጅሙ 30፣ በድምሩ 51 ዶቃ። የትኛው ዶቃ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ለይቶ የጨረሰው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ነው፤ በ1955። ኖቤል የተሸለመበት በ1958 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ፕሮቲን የተወሰነ ቅደም ተከተል እንዳለው እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። ሳንገር የመረመረው የከብት ኢንሱሊን ነበር፤ ከሰው በሦስት ዶቃ ይለያል። የአሳማው የሚለየው በአንድ ብቻ ነው፤ በረጅሙ ድሪ የመጨረሻ ዶቃ።

ከሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ኢንሱሊን ውስጥ ያሉት 17 ናቸው። ሜቲዮኒን፣ አስፓርቲክ አሲድና ትሪፕቶፋን የሉበትም። ስለዚህ 17 ቀለም እንፈልጋለን፤ ገበያው ያለው ግን አሥራ አንድ ነው። ቀሪውን ነጭ ዶቃ ገዝተን በጥፍር ቀለም ልንቀባ ተስማማን። ሻጭዋ «ለማን ሙሽራ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በቁም ነገር፣ መርፌውን፣ ግማሽ ሰዓቱን፣ ስድስቱን ሁሉ አስረዳቸው። ሴትዮዋ ሌላ ደንበኛ አቁመው ሰሙት፤ ከዚያ አንድ እፍኝ ነጭ ዶቃ ጨምረው «ይህ ከእኔ ነው፣ እናቴም ስኳር ነበረባት» አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

የመጀመሪያው ድሪ ሦስት ጊዜ ፈረሰ። ክሩ ከአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች የገዛነው ናይለን ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ያንሸራትታል። ልጁ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ሲሰካ፣ አንዱን ጫፍ በለቀቀ ቁጥር ዶቃው ወለሉ ላይ ይበተናል። በሦስተኛው ጊዜ ተነሥቶ ሰሌዳ ላይ ምስማር መታ፤ የክሩን ጫፍ እዚያ ላይ ቋጥሮ የመጀመሪያዋን ዶቃ አሰረና አንድ በአንድ መጨመር ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድም አልወደቀም።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ያደረገው ነገር አሜሪካዊው ብሩስ ሜሪፊልድ በ1963 ያሳተመውና በ1984 ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ ነው። ከእርሱ በፊት ኬሚስቶች ፔፕታይድን ፈሳሽ ውስጥ ሲሠሩ በእያንዳንዱ ዕርምጃ ምርቱን ከተረፈው ነገር ለመለየት ይደክሙ ነበር፤ በየማጣራቱም ምርቱ ያልቅባቸዋል። ሜሪፊልድ የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት ላይ አሰረው። ከዚያ ቀጣዩን መጨመር፣ ትርፉን ማጠብ፣ እንደገና መጨመር። ድሪው ቅንጣቱን ይዞ ይቀራል፤ የታጠበው ይሄዳል። ልዩነቱ የእነርሱ ሥራ ከመጨረሻው ዶቃ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መሄዱ ነው፤ እኛም ድሪውን አፍርሰን ከሠላሳኛው ጀመርን።

ማታ በሒሳብ ተጫወትን። እያንዳንዱ ዕርምጃ ከመቶ 99 ጊዜ ቢሳካ፣ ሠላሳ ዶቃ ላይ ስንደርስ ከመቶ ድሪ ትክክለኛው 75 ገደማ ነው። ከመቶ 95 ጊዜ ከሆነ ግን 23 ብቻ ይተርፋል። ልጁ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ አላመነም ነበር። ፔፕታይድ የሚሠሩ ሰዎች ለአንዲት መቶኛ ለምን እንደሚጨነቁ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ናይለኑን ተውነው፤ ቅርፅ አይዝም። ሞተር ከሚጠመጥም ባለሙያ ዘንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አገኘን። በረጅሙ ድሪ ከ9ኛው እስከ 19ኛው ዶቃ ያለው ክፍል እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠመጠመ ነው፤ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ፣ በድምሩ ሦስት ዙር። መጀመሪያ በጠመኔ ላይ ጠመጠምነው፤ ጠመኔው ተሰበረ። የነጭ ሰሌዳ መጻፊያው ብዕር ልክ ሆነ።

ቀጥሎ የሰልፈር ድልድዮቹ። ሲስቴይን የሚባሉት ቢጫ ዶቃዎች ስድስት ናቸው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰልፈራቸው ይያያዛሉ። ሁለት ድልድዮች አጭሩን ድሪ ከረጅሙ ያስራሉ፤ 7ኛውን ከ7ኛው፣ 20ኛውን ከ19ኛው። ሦስተኛው በአጭሩ ድሪ ውስጥ ራሱ ነው፤ 6ኛውን ከ11ኛው። እኛ ተሳሳትን። አጭሩ ላይ 6ኛውና 7ኛው ጎን ለጎን ስለሆኑ 6ኛውን ከረጅሙ ጋር አሰርነው። ሦስቱም ድልድይ ተሠርቷል፤ ቢጫ ዶቃ አልተረፈም፤ ነገር ግን ሽቦው ተጣሞ ቆመ፤ የትም ብናጎብጠው እንደ ሥዕሉ አልተኛ አለ። ስህተቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ስድስት ቢጫ ዶቃዎችን ጥንድ ጥንድ ለማድረግ አሥራ አምስት መንገድ አለ፤ ልክ የሆነው አንዱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢንሱሊንን ከምንም ተነሥተው ለመሥራት የተሽቀዳደሙት የጀርመን፣ የአሜሪካና የቻይና ቡድኖች ሁለቱን ድሪ ለየብቻ ሠርተው ሲያገናኙ ያገኙት ትክክለኛ ኢንሱሊን ጥቂት ነበር። ቻይናውያኑ በ1965 የሠሩትን ኢንሱሊን ክሪስታል አድርገው አሳዩ። የእኛ ሰውነት ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ያስደንቀኛል፤ ሁለቱን ድሪ መጀመሪያ አንድ ረጅም ድሪ አድርጎ ይሠራቸዋል፣ ቢጫዎቹ በቦታቸው ከተገናኙ በኋላ መካከሉን ቆርጦ ያወጣዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መብራት ጠፍቷል። ዶቃ በሻማ መለየት አይቻልም፤ ሰማያዊና አረንጓዴ አንድ ይሆናሉ። የኢንሱሊኑን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው አውጥተን እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጥነው። ሌላ ሥራ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አንዱ ኢንሱሊን አለቀ። በ17 ቀለም፣ ሙሉ። ልጁ ሲያነሣው በሁለት እጁ ነው።

አሁን ስድስት ያስፈልገናል፤ 306 ዶቃ። ሁሉንም በ17 ቀለም እንሥራ አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ሁሉም ነገር ቀለም ካለው ዓይን ምኑን ይይዛል? አምስቱ ነጭ ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀለም የሚኖራቸው አሥር ዶቃዎች ብቻ ናቸው፤ ስድስቱ ቢጫዎች፣ በረጅሙ ድሪ 10ኛዋ፣ 23ኛዋ፣ 28ኛዋና 29ኛዋ። ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ተስማማ።

10ኛዋ ሂስቲዲን ናት፤ ዚንክ የምትይዘው እርሷ ናት። ስድስቱ ኢንሱሊኖች በሁለት የዚንክ አቶሞች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱን ዚንክ ሦስት ሂስቲዲኖች ይይዙታል። ለሞዴሉ እውነተኛ ዚንክ ፈልገን ነበርና ከተጣለ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አገኘነው፤ የድንጋዩ ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ነው። ጓንት አድርጌ በፒንሳ ከፈትኩት፣ ጥቁሩን ዱቄት አስወገድኩ፣ ቆርቆሮውን አጥቤ ሁለት ክብ ቆረጥኩ። ይህን ክፍል ለልጅ አልሰጠሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ስድስቱም ቆሙ። የቸገረን አንዱ ከሌላው የሚጣበቅበትን ነገር ማሳየት ነበር። ኢንሱሊን መጀመሪያ ጥንድ ይሆናል፤ ከዚያ ሦስት ጥንዶች በዚንኩ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጥንዱን የሚያጣብቀው የረጅሙ ድሪ ጅራት ነው። 28ኛዋ ዶቃ ፕሮሊን የሌላውን ኢንሱሊን 23ኛ ዶቃ፣ ግላይሲንን፣ ትደገፋለች፤ ያኛውም እንዲሁ ይደገፋታል። ከተሰበሩ የስልክ ማዳመጫዎች አሥራ ሁለት ትንንሽ ማግኔቶች አወጣን፤ በ28ኛውና በ23ኛው ቦታ ላይ ሽቦው ላይ አሰርናቸው። ሁለቱን ሲያቀራርባቸው ጠቅ ብለው ተያያዙ። ልጁ ደጋግሞ አላቀቃቸው፣ ደጋግሞ ገጠማቸው። «አሁን ገባኝ» አላለም፤ ነገር ግን ራሱንም አልነቀነቀም።

ማግኔት ምሳሌ ነው እንጂ እውነቱ አይደለም። እውነቱ ብዙ ደካማ መያያዞች ተደማምረው የሚሰጡት ጥንካሬ ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

የስድስቱን አቀማመጥ ለዓለም ያሳየችው እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። የኢንሱሊን ክሪስታልን በኤክስሬይ ያነሣችው በ1935 ነው፤ ሙሉ ቅርፁን የፈታችው በ1969። ሠላሳ አራት ዓመት። ከወጣትነቷ ጀምሮ የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቿን አጣምሟቸው ነበር። ሽቦ በፒንሳ ሳጎብጥ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

የሥራው ልብ ዛሬ ነው።

በ51 ዶቃ ውስጥ ፕሮሊን አንዲት ብቻ ናት፤ ላይሲንም አንዲት ብቻ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ 28ኛና 29ኛ ሆነው፣ ጅራቱ ላይ ተቀምጠዋል። በኢላይ ሊሊ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት የፔፕታይድ ኬሚስት ሪቻርድ ዲማርኪና ባልደረቦቻቸው ዓይናቸውን የጣሉት እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ኢንሱሊንን የሚመስል ሌላ የዕድገት ሆርሞን አለ፤ የዚያ ጅራት እንደ ኢንሱሊን አይጣበቅም። ቅደም ተከተሉን ሲያነጻጽሩት ሁለቱ ዶቃዎች ተገላብጠዋል፤ ላይሲን ቀድማ ፕሮሊን ትከተላለች። እነርሱም ኢንሱሊኑ ላይ ያንኑ አደረጉ። አዲስ ነገር አልጨመሩም፤ ምንም አልቀነሱም፤ የሁለቱን ቦታ ለወጡ። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በ1996 ተፈቀደ። ስሙ ሊስፕሮ ነው፤ ከላይሲንና ከፕሮሊን የተወሰደ፣ በዚያው በተገለበጠው ቅደም ተከተል። ሊስፕሮ የሚወስድ ሰው ተወግቶ ወዲያው ማዕድ መቅረብ ይችላል።

ሌሎች ስድስት ለመሥራት ዶቃ አልነበረንም። የየድሪውን ጫፍ ፈትተን 28ኛዋንና 29ኛዋን አገላበጥን፤ ማግኔቱ ከፕሮሊን ጋር ወደ 29ኛው ሄደ። ላይሲን ረጅም ክንድ ስላላት ትልቅ ዶቃ ሰጥተናታል፤ አሁን የቆመችው ፕሮሊን በነበረችበት ነው። ልጁ ሁለቱን አቀራረባቸው። ማግኔቶቹ ይሳሳባሉ፤ ግን ትልቋ ዶቃ መካከል ገብታ ጠቅ አይሉም። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ድሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ የመስቀል ዕለት ያጣሁት እነዚህን ሁለት ነው?» አለ።

አዎ አልኩት። ሌላ ማለት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

የሳፋ ሙከራ። ስድስቱን በዚንኩ ዙሪያ አስቀምጠን ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከተትናቸው፤ ዚንኩን አወጣን፤ ሳፋውን እኩል በሆነ ኃይል እያወዛወዝን ሁሉም እስኪላቀቁ ቆጠርን። ዚንኩን ያወጣነው ከቆዳ ሥር የሚሆነውን ለመምሰል ነው፤ እዚያ መድኃኒቱ ሲቀጥን ዚንኩ እየተበተነ ይሄዳል፤ ወደ ደም ሥር በፍጥነት የሚያልፉት ደግሞ ጥንዶቹና ነጠላዎቹ ናቸው። አምስት አምስት ጊዜ ደገምነው። የተፈጥሮው ቅደም ተከተል በአማካይ 41 ውዝዋዜ ፈጀ፤ የተገለበጠው 9። ቁጥሩ የእኛ ሳፋና የእኛ ማግኔት ቁጥር ነው፤ ስለ ሰውነት የሚናገረው አቅጣጫውን ብቻ ነው። ሊስፕሮም ቢሆን ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ስድስት ስድስት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ልዩነቱ ከቆዳ ሥር ሲገባ ቶሎ መላቀቁ ነው።

ደመናማውስ? ልጁ ጠየቀ። ያ ሆን ተብሎ የዘገየ ነው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1930ዎቹ ኢንሱሊንን ከዓሣ የዘር ፈሳሽ ከሚገኝ ፕሮታሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሲያዋህደው ቀስ ብሎ የሚሟሟ ሆነ። ደመናው እርሱ ነው። ያቺን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ስንሄድ ልጁ የሚገፈፉትን ቆሮሶዎች በሌላ ዓይን ሲያይ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

አቀረብን። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ። እኔ ጥግ ላይ ቆምኩ፤ የተናገረው እርሱ ነው። ከመርፌው ጀመረ፤ ብልቃጡን አሳየ፤ ስድስቱን አነሣ፤ ዚንኩን አወጣ፤ ጫፉን ፈታ፤ ሁለቱን ዶቃ አገላበጠ። ሲፈታ አንዲት ዶቃ አምልጣ ከጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ሦስት ተማሪዎች ተንበርክከው አገኟት።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ አንተ ለምን ፈጣኑን አትወስድም?» አለችው። ወደ እኔ አየ፤ እኔ መለስኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ አግኝተነው ዋጋውን ጠይቀናል፤ በየወሩ የምንዘልቀው አልሆነም። የሚወስደው ኢንሱሊን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሰዓቱ ከተጠበቀለት ሥራውን ይሠራል፤ መለወጥም የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ጠንከር ብሎ ነበር፤ እነዚያ ሁለት ዶቃዎች ቦታ ከተለዋወጡ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗልና።

እናቴም መጥታ ነበር። «ለምን በእንክብል አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ድሪውን አንሥቶ «እማማ፣ ጨጓራ ይህን ከሥጋ አይለየውም፤ ዶቃ ዶቃውን ይፈታዋል» አላት።

ሁሉም ከወጡ በኋላ የግቢው ጥበቃ ጋሼ ቀሩ። እርሳቸው ዓይነት ሁለት አለባቸው፤ በሳምንት አንዴ ስለሚወጋው መድኃኒት ሰምተው ኖሯል። እርሱ ሌላ ድሪ ነው አልኳቸው፤ ከአንጀት የሚመጣ ሠላሳ ዶቃ ያለው ሆርሞን፤ ስንበላ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚቀሰቅስ። በደም ውስጥ የሚገኝ፣ እንደ መቀስ የሚሠራ ኤንዛይም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዶቃዎች ይቆርጥበታል፤ በዚህም በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት ላይ ሁለተኛዋን ዶቃ መቀሱ በማይይዛት ለወጧት፤ በጎኑም የስብ ጅራት ጨምረው በደሙ ውስጥ ካለው አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር አጣበቁት፤ ስለዚህ ሳምንት ይቆያል። ጋሼ በጣታቸው ሁለት ዶቃ ይዘው «እዚህም ሁለት?» አሉ። እዚህም ሁለት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሞዴሉ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቀረ፤ ባለ 17 ቀለሙን ግን ልጁ ወደ ቤት አመጣው። ሰሌዳው ላይ ቀሪ ሥራ ብለን የጻፍነው፦ የሦስተኛው ኢንሱሊን 23ኛ ማግኔት ላልቷል፤ ሁለተኛው ዚንክ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ መሞረድ አለበት።

ጠዋት ተነሥቼ ሳሎን ስገባ ምስማሩ ላይ አዲስ ሽቦ ታስሯል። ልጁ ትናንት ማታ ስለ ግሉካጎን አንብቧል፤ ያም ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው፤ ሥራው ግን በደም ያለው ስኳር ሲወርድ ከጉበት ስኳር ማስወጣት ነው። 29 ዶቃ፣ አንድ ድሪ፣ ድልድይ የሌለው። ከመጨረሻው፣ ከትሪዮኒን፣ ጀምሮ ሁለተኛዋን ሰክቷል። ሦስተኛዋ ላይ ቆሟል፤ ሜቲዮኒን ስለሆነች ቀለም የላትም። ኢንሱሊን ውስጥ የሌሉት ሦስቱም እዚህ አሉ። ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ፦ «ሜቲዮኒን 1፣ ትሪፕቶፋን 1፣ አስፓርቲክ አሲድ 3። ሦስት አዲስ ቀለም። ዛሬ ገበያ።»

መርፌውን ተወግቶ ቁርሱ ፊት ተቀምጧል። ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።